የአይጥ አራስ ቤት

አካላ፣ ስቶክሆልም
ጥቅምት 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለለምለም ገብረመድህን፣ ደብረ ብርሃን፤

እንዴት ከርመሻል? ቤተሰቡስ፣ ላሞቹስ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያዘገየሁት ረስቼው አይደለም፤ ከመሳቢያ እያወጣሁ መልሼ ስከተው ነው የከረምኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የእህቴን የጽጌረዳን ነፍስ ይማር። አርባዋን በወጉ እንዳወጣሽላት አነበብኩ። እኔ ወለድኩሽ እንጂ ያሳደገችሽ እሷ ናት፤ እናቷን የቀበረች ልጅ አንቺ ነሽ። ከለቅሶው የቀረሁት እህትሽ ልደታ ከሥራ ፈቃድ ስላጣች ነው ብዬ በስልክ ነግሬሽ ነበር። ውሸት ነው። ብቻዬን መምጣት እችል ነበር። ሰው ሁሉ እያየን ካንቺ ጎን መቀመጥ ፈርቼ ነው።

ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍልኝ ጠይቀሻል። ማንም አይጽፍልኝም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ አዲስ አበባ በቀበሌያችን አዳራሽ ነው። ከጎኔ የምትቀመጠዋ ሴት በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ እያጠባች በሌላው ትጽፍ ነበር፤ እኔ ሁለት እጅ ይዤ ከእሷ ኋላ ቀረሁ። ግን ጨረስኩ። ስለዚህ ይህ የተንጋደደ ጽሑፍ የራሴ ነው።

ለምን ለጽጌረዳ እንደሰጠሁሽም ጠይቀሻል። እሱን ዛሬ አልመልስልሽም። አርባ ስድስት ዓመት ያልጠየቅሽኝን፣ እሷ ዓይኗን እስክትከድን ጠብቀሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ትንሽ ልጠብቅ።

ይልቅ የዚህን ቤት ጉድ ልንገርሽ። ከሁለተኛው ባሌ ከሽፈራው የወለድኳት ልደታ እንደምታውቂው ነርስ ናት። የምትሠራው ሁዲንጌ ሆስፒታል ነው፤ እኛ ያለነው ባቡሩ የሚያበቃበት አካላ ስለሆነ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጣ ሄዳ አቋርጣ ትመጣለች። ቀን ቀን ቤት የምንውለው እኔና፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ልጇ ሀሴት ነን። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልስልኝ በስዊድንኛ ነው። እኔም ስዊድንኛ እሰማለሁ፤ የምመልስላት በአማርኛ ነው። እንዲህ እየተነጋገርን እንኖራለን።

ይህች ልጅ አይጥ ታረባለች። እሷ አይጥ አይደለችም ትላለች፣ ስሟም ሹገር ግላይደር ነው፣ አገሯም አውስትራሊያ። መዳፍ የምታክል፣ ግራጫ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር መስመር ያለባት፣ ዓይኗ ከራሷ የሚበልጥ ነገር ናት። በእጅና በእግሯ መካከል የላላ ቆዳ አለ። እሱን ዘርግታ ከመጋረጃ ወደ ቁም ሣጥን ትበራለች፤ አንድ ቀን ነጠላዬ ላይ አርፋ ሸናችበት። ስሟን ሞሊ ብላታለች። ባልም ነበራት። መስከረም ላይ ሽንት ቤቱ ውስጥ ወድቆ ሰጠመ። ክዳኑን ክፍት የተውሽው አንቺ ነሽ አለችኝ ሀሴት፤ ሊሆን ይችላል። ያወጣሁት በወጥ ጭልፋ ነው፤ ጭልፋውንም አብሬ ጣልኩት።

መበለቲቱ እርጉዝ ኖራለች። እንደ ሌላው እንስሳ አይወልዱም፤ ልጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ ባለ ከረጢት ይዘው ያሳድጋሉ። ባለፈው እሑድ ሁለት ግልገሎች ከከረጢቱ ወጥተው ጡቷ ላይ ተንጠልጥለው ተገኙ። ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ጠጉር የሌላቸው፣ የተላጠ ጣት ይመስላሉ። ሀሴት በደስታ አለቀሰች። እኔ አፌን ይዤ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

አሁን ደግሞ ሞሊ ብቻዋን ከሆነች በናፍቆት ትታመማለች ብላ ሌላ ወንድ ልታመጣላት ነው። ይኸው ነው የኛ ቤት ወሬ። ለላሞችሽ ጤና ይስጥልኝ።

እናትሽ በቀለች

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለክብርት ወ/ሮ በቀለች፤

ጤና ይስጥልኝ። በገዛ እጅዎ የጻፉት መሆኑን በማወቄ ደስ ብሎኛል። ጽሑፍዎ አልተንጋደደም፤ ይነበባል።

በእማዬ በጽጌረዳ ሣጥን ውስጥ በመቀነት የታሠሩ አሮጌ ደብዳቤዎች አግኝቻለሁ። ከእርስዎ የተላኩ ናቸው። አንዱን ገልብጬ ልልክልዎ ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ። እስኪ ደግሞ እሞክራለሁ።

ስለ እንስሳዋ የጻፉት አሳቀኝም፣ አስጨነቀኝም። እኛ ላም በወለደች ሰሞን ኮርማ አናስጠጋባትም። ለአጥቢ እንስሳ ባል ማምጣት ለማን ይጠቅማል? ለልጅቱ ይንገሯት።

ለምለም

አካላ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለለምለም፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ምክርሽን፣ የማን እንደሆነ ሳልል፣ ለሀሴት ነግሬያታለሁ፤ ደብዳቤሽ ሲደርስ ግን ሙሽራው ገብቷል። ኡፕላንድስ ቬስቢ ድረስ በባቡር ሄዳ ከአንዲት ስዊድናዊት አመጣችው፤ ስሙ ኦስካር ነው።

ስለ ኦስካር ምን ልበልሽ። አናቱ ላይ በራ አለው፤ በራው እንደ ቅባት ያለ ነገር ያወጣል፤ ያንን የሽቦ ቤቱ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ካገኘውም ሰው ላይ እያሸ ይቀባል። ሽታው የታጠፈ ያልታጠበ ካልሲ ነው፤ ካልሲውም ማር የፈሰሰበት። የሚበላው ፍራፍሬና ትል ነው። ትሉ ከነሕይወቱ በፕላስቲክ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከቅቤው አጠገብ ተቀምጧል። ዳቦ ልቀባ ከፍቼ ሲርመሰመስ አየሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅቤ አልቀመስኩም። ጾሙም ሰሞኑን ስለሚገባ ግድ የለም።

የት ያስቀመጡት ይመስልሻል? እኔ ክፍል! ከሞሊ ጋር ባንድ ክፍል መሆን የለበትምና፣ ሞሊ ደግሞ የሀሴት ክፍል ውስጥ ናትና፣ አሮጊቷ ትሽተተው። ስዊድናዊቷ ሦስት ገጽ ወረቀት ጽፋ ሰጥታታለች። ሀሴት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ።

«ሞርሙር፣ ስሚኝ» አለች። ሞርሙር ማለት የእናት እናት ማለት ነው። በቋንቋቸው አንቱታ የለም። «ግልገሎቹ ጡት ትተው ራሳቸውን ችለው እስኪበሉ ወንዱ አይገባም ይላል። መጀመሪያ ሁለት ክፍል። ቀጥሎ ጎን ለጎን። ከዚያ የሚተኙበትን ጨርቅ እያለዋወጡ ሽታቸውን ማላመድ።»

«ቢገባስ?»

«ይገድላቸዋል። የሱ አይደሉማ።»

«እሷ ዝም ትለዋለች?»

«ከጨነቃት ራሷ ልትበላቸው ትችላለች ይላል።»

«ይህን የጻፈችው ሴትዮ ሥራ የላትም እንዴ?»

«ሞርሙር!»

«እሺ፣ ስንት ቀን ነው?»

ቆጠረች። ከከረጢት ከወጡበት ቀን አንሥቶ ሁለት ወር ተኩል፣ ለማንኛውም ብለን ሰማንያ ቀን እንበለው አለች። አንዷ ግልገል ሴት ናት፣ ሌላው ወንድ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን! ስዊድኖች ለአይጥም የአራስ ቤት ደንብ አላቸው ለካ። ለምለም፣ እኔ አንቺን ታቅፌ ሳለሁ ያባትሽ የገብረመድህን ሙት ዓመት እንኳን ሳይወጣ ነው ወንድሞቼ ወንድ ያመጡልኝ። የሦስት ገጽ ወረቀት የጻፈልኝ የለም።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። እለፊው።

ወረቀቱን እንደሆነ አላመንኩትም። እኔ ከብት ሳላምድ ነው ያደግኩት። ጥጃዋ የሞተባት ላም የሌላ ጥጃ እንድትቀበል ምን እንደምናደርግ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የሞተውን ቆዳ ባዲሱ ላይ አልብሰን፣ ጨው ነስንሰን እናቀርብላታለን። ሸትታ፣ ልሳ፣ ወተቷን ታወርዳለች። የአንድ ማለዳ ሥራ ነው። ይህች መዳፍ የማትሞላ ነገር ከላም ትበልጣለች? ሁለት የሽቦ ቤት ማጠብ፣ ሁለት ዓይነት ሽንት ማሽተት። ነጠላዬን፣ ጋቢዬን፣ አንሶላዬን በሳምንት ሁለቴ ምድር ቤት ወዳለው የጋራ ማጠቢያ ይዤ ወርጄ፣ ወደ ላይ ስወጣ ያው ካልሲ አፍንጫዬ ላይ ይጠብቀኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሀሴት ለእጅ ኳስ ውድድር ከቡድኗ ጋር ከከተማ ትወጣለች። ከዓርብ እስከ እሑድ ማታ ከነዚህ ጋር ብቻዬን ነኝ።

እናትሽ በቀለች

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወ/ሮ በቀለች፤

ጤና ይስጥልኝ። «እለፊው» ያሉኝን አላለፍኩትም፤ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለዚህ እጄ እሺ አለኝ። የገለበጥኩት እንዲህ ይላል።

«ሚያዝያ 3 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። ለእህቴ ለወ/ሮ ጽጌረዳ። ልጅቷን ለጥምቀት ይዘሽ ልትመጪ እንደነበር ሰምቻለሁ። ወደፊትም ወደ እኔ እንዳታመጫት። አዲስ ትዳር ይዣለሁ፤ የሌላ ሰው ልጅ ታቅፌ ትዳሬን አላፈርስም። እሷም ጡቴን ረስታለች፣ እኔም እሷን ረስቻለሁ። ያንቺ ናት። ስለ እሷ ደግመሽ አትጻፊልኝ። እህትሽ በቀለች።»

ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም የአውራ ጣት አሻራ አለ።

እማዬ ይህንን በሕይወቷ ሳለች አላሳየችኝም። ስጠይቃት «እናትሽ ችግር ነበረባት» ነበር መልሷ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ይህ የእርስዎ ቃል ነው?

ግልገሎቹ እንዴት ናቸው?

ለምለም

አካላ፣ ስቶክሆልም
ታኅሣሥ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለለምለም፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መነጽሬ ስለተሰበረ የገለበጥሽውን በደንብ አላነበብኩትም። እስኪሠራልኝ ታገሺኝ።

እዚህ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ልደታ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ሀሴት ውድድሩን ተሸንፋ መጣች።

ከግልገሎቹ ወንዱ ሞቷል። ብርዱን አልቻለውም። ሴቷ አለች።

እናትሽ በቀለች

ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወ/ሮ በቀለች፤

ማሞቂያ ባለበት ቤት፣ እናቱ ጉያ ውስጥ ያለ ግልገል ብርድ አይገድለውም። ሃያ ዓመት ከብት አርብቻለሁ።

ቁስሉ የት ላይ ነበር?

መነጽር ከሌለዎ ይህንንም ማንበብ አይችሉም። ካነበቡት ግን ሁለቱንም ጥያቄ ይመልሱልኝ። ካልሆነ ከእንግዲህ አልጽፍም።

ለምለም

አካላ፣ ስቶክሆልም
ታኅሣሥ 28 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ የገና ዋዜማ

ለልጄ ለለምለም፤

መነጽሬ አልተሰበረም።

ቁስሉ አንገቱ ላይ ነበር። ራሱ ግማሹ የለም። ሌላውን አልጽፍልሽም።

ያደረግኩት እኔ ነኝ። ኅዳር 17፣ እሑድ ጠዋት፣ ሀሴት በሌለችበት። ቅዳሴ ልሄድ ነጭ ልብሴን ለብሼ ሳበቃ ነጠላዬን አነሣሁ፤ ኦስካር በሽቦው ቀዳዳ ጎትቶ አናቱን አሽቶበታል። አንድ ቤት ቢገቡ የማጥበው አንድ ነው፣ ክፍሌም ክፍሌ ይሆናል አልኩ። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ፈልጌ አጣሁ። እንደ ከብት አድርጌ፣ ሞሊ የምትተኛበትን ጨርቅ ወስጄ የኦስካርን ጀርባና ሆድ አሸሁበት፤ ቀምሳ እንድትወደው ማር ቀባሁት። እጄ ላይ ሸናብኝ። ሞሊ ቤት አስገብቼው በሩን ዘጋሁ። ትንሽ ጮኸች፣ ከዚያ ዝም አለች። ተላመዱ ብዬ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስመለስ ያየሁትን አየሁ። ሞሊ ሴቷን ሆዷ ሥር አድርጋ ጥግ ላይ ተኮራምታለች። እሱ ምግቡን እየበላ ነበር። አፉን እያየሁ ማጠቢያው ላይ አስመለስኩ።

የት እንደተሳሳትኩ ለመረዳት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ቆዳና ጨው ላሚቱን ማታለያ ነው። እምቢ የምትለው እናት ስትሆን እናትን ታታልያለሽ። እዚህ ግን እምቢ ያለችው እናት አልነበረችም። እኔ ሞሊ እንድትቀበለው ብዬ ደከምኩ፤ እሱ ልጆቿን ይቀበል እንደሆነ አልጠየቅኩም። ወረቀቱ ይህንኑ ይላል። በጠላትነት አይገድልም ይላል፤ ጡቷ ላይ ሌላ ካለ ለእሱ አትሆንምና ነው።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ያ ደብዳቤ የኔ ቃል አይደለም። አሻራው የኔ ነው። ሽፈራው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ እጅ ጽሑፉ ያማረ። እኔ ያኔ ሀ እና ለን አልለይም ነበር። እኔ እየተናገርኩ እሱ ነበር የሚጽፍልኝ። በዚያ ሚያዝያ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ጽጌ፣ ለጥምቀት ለምን ቀረሽ? ለፋሲካ ልጄን አምጪልኝ። ጡቴ ደርቋል፣ ዓይኔ ግን አልደረቀም።» ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አነበበልኝ። ያልኩትን አንድም ሳያጎድል አነበበልኝ፤ ወረቀቱ ላይ የሌለውን። ዓይኑን ከመስመር ወደ መስመር ያንቀሳቅስ ነበር። ጣቴን ይዞ ቀለሙ ላይ ተጫነው፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። እጁ ላብ ነበረው። አንቺ የገለበጥሽውን ሳነብ ያ ላብ አውራ ጣቴ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ብታጠብ አይለቅም።

የጽጌረዳን መልስ ያነበበልኝም እሱ ነው። «ልጅቷ ለምዳለች፣ አትረብሿት» አለኝ። እኔም እህቴን ተቀየምኳት። እሷም ተቀየመችኝ። ሁለታችን አንድ ወንድ በጻፈው ደብዳቤ ተኳርፈን አረጀን፤ እሷ ሞተች።

ግን ለምለም፣ እዚህ ላይ ባቆም ውሸታም ነኝ። የጠየቅሽኝ ስለ ደብዳቤው ብቻ አይደለም።

ሽፈራው ኅዳር ላይ ቤቴ ሲገባ አንቺ አሥረኛ ወርሽ ነበር። መታኝ አልልሽም። አንቺ ስታለቅሺ ተነሥቶ ይወጣል፣ ሳጠባሽ ፊቱን ያዞራል፣ ይኸው ነው። ከሳምንት በኋላ «ይህች ልጅ መቼ ነው የምትጨርሰው?» አለኝ። የት እሄዳለሁ አልኩ፤ ወንድሞቼ ቤት እንደማይመልሱኝ አውቃለሁ። ሬት የገዛልኝ የለም፣ ራሴ ገዛሁ። በውኃ በጥብጬ ጡቴ ላይ የቀባሁት በዚህች አሁን ብዕር በያዘች እጄ ነው። ጎረስሽው። ፊትሽን ጨፍግገሽ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ደግመሽ ሞከርሽ። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከርሽም። በማግስቱ ጽጌረዳ መጥታ ወሰደችሽ፤ ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። ለጥቂት ጊዜ ነበር ያልኩት። ያን ጊዜ ማንም አላታለለኝም።

ደግሞም ሽፈራው የሞተው በ1983 ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ1972 ነው። ማንበብና መጻፍ ከቻልኩ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መጀመሪያ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔ ብዕር ሳነሣ የምትጠይቂኝ ይታየኝና አስቀምጠዋለሁ። ስለዚህ የምጸየፈው ሽፈራውን ብቻ አይደለም። አይጡን፣ ትሉን፣ ሽንቱን እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ፣ አሁን ሳየው፣ ከዚህ መሸሻ ነበር።

ለሀሴት ነገርኳት። ብርድ ነው ያልኩትን እሷ አምናኝ ነበር፤ ካርቶን ውስጥ አድርጋ ከመጫወቻ ሜዳው ጀርባ ቀብራዋለች። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ከውጭ ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ ነገርኳት።

«ወረቀቱን አንብቤልሽ ነበር» አለችኝ።

«አዎ።»

«የተጻፈውን ነው ያነበብኩልሽ፣ ሞርሙር። ምንም አልጨመርኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ያን ውሸታም ሲያነብልኝ አመንኩት፤ ይህች ልጅ እውነቱን ስታነብልኝ አላመንኳትም። ይህን በምን ስዊድንኛ እነግራታለሁ? በአማርኛ ነገርኳት፤ ስላንቺ፣ ስለ ሬቱ፣ ስለ አሻራው። ኮቷን እንደለበሰች ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ሲያልቅ ተነሥታ ክፍሏን ዘጋች። ለአራት ቀን አላናገረችኝም። ልደታም ስትሰማ የአባቷን ፎቶግራፍ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በአምስተኛው ቀን ሀሴት በሬን አንኳኳች።

«ለምለም አክስቴ ናት ማለት ነው?» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው።

«አክስትሽ ናት።»

«ታዲያ ስለ እሷ ለምን አውርተሽልኝ አታውቂም?»

እኔ የማልመልሰውን የሚጠይቀኝ አሁን ሁለት ሰው ሆነ።

ኦስካርን ኅዳር 17 ቀን ራሴ አውጥቼ ክፍሌ መልሼዋለሁ። ሞሊንና የቀረችላትን ልጇን ሀሴት ክፍል፣ መስኮት በሌለው ጥግ፣ በጋቢዬ ከልዬ አስቀመጥኳቸው። ሰማንያው ቀን እስኪሞላ እንግዳ አልገባም፤ የሀሴትን ጓደኞች ሳይቀር ከበር መለስኳቸው። የአራስ ቤት ነው አልኳቸው፤ አልገባቸውም። ኦስካር ግን ከአልጋዬ አጠገብ ነው፤ አሁንም ይሸተኛል፣ አሁንም ያስጠላኛል። ይሸተተኝ።

ሰማንያው ቀን ከሦስት ቀን በፊት ነው የሞላው። ሀሴት ግልገሏ ራሷን ችላ እንደሆነ ለማየት ትል አምጥታ «አንቺ ስጫት» አለችኝ። በጣቴ ያዝኩት፤ ይላወሳል። ትንሿ መጥታ ከጣቴ ነጠቀችና በሁለት እጇ ይዛ ከራሱ ጀምራ በላችው። እናቷን ዞራም አላየችም። ጡት ትታለች። ማንም ምንም አልቀባባትም። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ቃሉ ቀላል ነው፣ ሽፈራውም አሳምሮ ይጽፈው ነበር። የጠየቅሽኝ ለምን እንደሰጠሁሽ ነው። ማደሪያ እንዳላጣ ነው የሰጠሁሽ። ያኔ ላንቺ ይሻላል ብዬ ነበር፤ እውነቱ ግን ለእኔ ይሻል ነበር። መልሴ ይህ ነው። ከዚህ ወዲያ ብትጽፊ፣ ባትጽፊ፣ መብትሽ ነው። ብትጽፊ ሀሴት ልታነብልኝ ትፈልጋለች፤ አማርኛ ፊደል ልማር ብላለች። ከ«ለ» ጀምረናል፣ ያንቺ ስም መጀመሪያ ስለሆነ።

የሀሴትን ሰማያዊ ብዕር ሰብሬ ቀለሙን አውራ ጣቴ ላይ ቀባሁት። ከዚህ በታች የምታይው አሻራ የኔ ነው። ከእማዬሽ ሣጥን ያገኘሽውን አውጪና አስተያዪው፤ አንድ ጣት ነው፣ አርጅቷል ብቻ።

ይህኛውን ከማተሜ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

በቀለች